ለዕይታ የተሰቀለው ገበጣ

ዛሬ ጠጠር ከእንጨት ጋር ሲገናኝ «ቀጭ» የሚለውን ድምፅ ከስንት ዘመን በኋላ ሰማሁት፤ የሰማሁት ግን በራሴ ጥፋት ነው። ቆቦ መንገድ ዳር በተከፈተው አዲስ ሆቴል የጎረቤቴ ልጅ ሠርግ ላይ ተጠርቼ፣ ቫርኒሽ የተቀባ ገበጣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ሳይ እጄ አላስቻለኝም። ተነስቼ ከዳር ካለው ቤት ጠጠር ለማንሳት ቆንጠጥ ባደርግ፣ ለካ በሙጫ የተጣበቀ ኖሮ «ቀጭ» ብሎ ተገንጥሎ እጄ ላይ ቀረ። አስተናጋጁ ሮጦ መጣና «አባባ፣ እሱ እኮ ለዕይታ ነው» አለኝ። «እኔም የተጠራሁት ለዚያው ነው» ብዬው ተቀመጥኩ።

በልጅነቴ ቤታችን ከጠጠር ድምፅ ተለይቶ አያውቅም ነበር። በበጋ እህቴ ዘሃራ ከግቢያችን ቁርቁራ ዛፍ ሥር በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ትምስና፣ ከጎሊና ወንዝ የለቀምነውን ጠጠር አራት አራት እያደረገች ትሞላው ነበር። በዕድሜ አምስት ዓመት ስለምትበልጠኝ «እታለም» እላት ነበር፤ በጨዋታው የምትበልጠኝን ግን አልቆጥረውም። ጠጠሩን በየቤቱ ስትዘራ እጇ አይታይም፣ አፏም አያርፍም ነበር። «ቁጠር እንጂ ወንድምዓለም፣ እንደ ፍየል በዓይንህ ነው እንዴ የምትግጠው?» ትለኛለች።

ክረምት ሲገባ ጎርፉ ጉድጓዶቻችንን በደለል ስለሚደፍናቸው፣ አባቴ ከዋንዛ የጠረበውን ገበጣ ይዘን ቤት እንገባ ነበር። አባቴ መደብ ላይ ጋደም ብሎ ይዳኘናል። በእኛ ቤት ሕግ አንዲት ጠጠር ብቻ የቀረችበት ቤት አይዘረፍም፤ «የምስኪን ቤት ነው፣ እለፉት» ይለን ነበር። እኔ ይህ ሕግ ትዝ ይለኝ የነበረው ስሸነፍ ብቻ ነው።

አንድ ዓመት፣ የማሽላው አጨዳ እንዳለቀ፣ የጭነት መኪና ሹፌሮች መንገድ ዳር ዳማ ይጫወቱ ጀመር። ካርቶን ላይ በከሰል ያሰምሩና የአንዱን ቆርኪ በጀርባው፣ የሌላውን በአፉ ደፍተው ይደረድሩታል። እኔም አጠገባቸው ቁጢጥ እያልኩ ገበጣን «የሴት ጨዋታ» ማለት ጀመርኩ፤ ጢም ሳላበቅል ወንድነት አበቀልኩ።

በዚያው ጥር እታለምን ዋጃ ለሚኖር ነጋዴ ዳሯት። ኒካው ሦስት ቀን ሲቀረው ገበጣውን በብብቷ ይዛ መጥታ «ወንድምዓለም፣ አንዲት ጨዋታ ብቻ» አለችኝ። «ነገ» ብያት ወደ ቆርኪዬ ሄድኩ። በማግስቱም ጠየቀችኝ፣ በማግስቱም «ነገ» አልኳት። ከዚያ ወሰዷት።

ዳማውም አልቆየም፤ ቆርኪው በፕላስቲክ፣ ፕላስቲኩም በስልክ ተተካ። የዛሬ ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንገታቸውን ደፍተው ሉዶ ይጫወታሉ፤ ስድቡን እንኳ በሥዕል ነው የሚላላኩት።

እህቴ ነገር መርሳት ከጀመረች ከርማለች፤ የአባቴን ሕግ የሚያውቅ ደግሞ ከእኔና ከእሷ በቀር የለም። ስለዚህ ዛሬ ከሠርጉ ወጥቼ፣ ጨርሳ ሳትረሳው አንዲቷን ጨዋታ ልጫወታት ብዬ ዋጃ ወረድኩ። ከሱቅ የእንቁላል ካርቶን ለምኜ፣ አሥራ ሁለት ጎድጓዳ ቆርጬ፣ ቤት ከሚሠሩ ሰዎች ደጅ ጠጠር ለቅሜ ገባሁ። አራት አራት ሞልቼ ፊቷ አስቀመጥኩላት።

ጎንበስ ብላ አየችው። እጇ እንደ ድሮው ፈጠነ፣ ልቤም አብሮ ዘለለ። እሷ ግን ጠጠሩን እየለቀመች ወደ ደጅ ትወረውረው ጀመር። «ይህን ምስር ከነድንጋዩ ማን ነው የገዛው?» አለቻት ምራቷን። ካርቶኑ ባዶ ሲሆን ቀና ብላ «አንቱስ የማን እንግዳ ነዎት?» አለችኝ። ስድቧን ፈልጌ ነበር የሄድኩት፤ አክብሮቷ ገደለኝ።

ምራቷ አፍራ እስከ በሩ ሸኘችኝ። «አይቀየሙ አጎቴ፣ ነገ ይሻላት ይሆናል፣ ነገ ይምጡ» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ድሮ በቤታችን የተሸነፈ ሁሉ ድጋሚ ይጠይቅ ነበር፣ የሚከለክለውም አልነበረም። አሁን ድጋሚ የሚጠየቅ ሰው የለኝም። ባዶ ካርቶኔን በብብቴ ይዤ የቆቦ ሚኒባስ ስጠብቅ፣ አንዱ መንገደኛ እንቁላሉ ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ። አልቋል አልኩት።

ለእታለም አንዲት ጨዋታ አለብኝ።