የአምስት ፊደል ለቀማ

ልጄ ዘጠነኛ ክፍል በገባች ዓመት ትምህርቱ በፕላዝማ ነበር። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን በእንግሊዝኛ ያንበለብለዋል፤ ልጆቹ አንዱን ሲጽፉ እሱ ሦስቱን አልፎ ይሄዳል። የእንግሊዝኛ አስተማሪያቸው ይኼን አይቶ መሰለኝ፣ አርብ አርብ የቃል ጨዋታ አመጣላቸው። ሰሌዳው ላይ ሁለት ፊደል ይጽፋል። ሁለቱም ያሉበት፣ ከአምስት ፊደል የማይበልጥ የማያንስ ቃል ያገኘ ተማሪ ይቆምና ከነትርጉሙ ይናገራል።

የኔዋ አንድ አርብ ቆማ አፏ ተያዘ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀባት። ቤት እንደገባች ደብተሯን መደቡ ላይ ወርውራ፣ "ሁለተኛ ከሳቁብኝ እዚያ ትምህርት ቤት አልመለስም" አለችኝ።

ዓይኗን አየሁት፤ ቀልድ የለበትም። እኔም ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ሲስቁብኝ አንድ ቀን ብቻ ልቅር ብዬ ነው የቀረሁት። ያ አንድ ቀን ይኸው ዕድሜዬን ሙሉ ሆነ።

ይባስ ብሎ አስተማሪው ከጎረቤት ከተማ ከቡሬ ተማሪዎች ጋር እንድትወዳደር መረጣት። ጽሑፍ ላይ የሚያህላት የለም አለ። አሥራ አምስት ቀን ቀረው። እኔ ቡሬ ላይ በሰው ፊት ሲሳቅባት ይታየኝ ጀመር።

አስተማሪው ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት አውሷት ነበር። ወዲያ ወዲህ ስታገላብጥ ቆይታ፣ "የት እንደምጀምር ጠፋኝ" አለች።

"ምንድን ነው የሚፈለገው?"

"አምስት ፊደል ሆኖ፣ ኦ እና ኤን ያሉበት።"

"መልካቸውን ጻፊልኝ እስቲ።"

ጻፈችልኝ። ኦ ቀለበት ናት፤ ኤን የትንሽ ጎጆ በር። እኔ የምተዳደረው በእህል መጋዘን ውስጥ ድንጋይና እንክርዳድ ከስንዴ እየለቀምሁ ነው። ይኼማ የኔው ሥራ አይደል? ማንበብ አያሻኝም፣ መለየት እንጂ። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ጣት አጥፋለሁ። እጄ ልክ ሞልቶ ቀለበቷና በሯ ካሉበት ይለቀማል፤ ጣት ከተረፈኝ ወይም ካነሰኝ ይታለፋል።

ያን ቅዳሜ ከገበያ መልስ እስከ ሠርክ እንዳቀረቀርሁ ዋልሁ። አንዱን ባገኘሁ ቁጥር እርሳሱን እየላስሁ አሰምርበታለሁ፤ እሷ ትርጉሙን ትጽፋለች።

"እማ፣ አንችም እንደ ፕላዝማው አትሩጭብኝ እንጂ።"

ሳምንት እንዲህ ሄድን። ደብተሯ ሞላ። ስህተታችን የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ ሁለታችንም በዝምታ ነበር የምንለቅመው። የልጄ ችግር ደግሞ አፏ እንጂ ዓይኗ አልነበረም።

ስለዚህ ከነእንግሊዝኛ ደብተሯ መጋዘን ይዣት ሄድሁ። እኛ ለቃሚዎች ደንብ አለን፦ አዲስ የመጣችን እንተርባታለን። ያለቀሰች ይብስባታል፤ መልስ የሰጠች ቦታ ይለቀቅላታል።

"ይች ደግሞ ማናት፣ እንግሊዝ አገር ደርሳ የመጣች?" አሉ ትልቋ ለቃሚ።

ልጄ በቀጭን ድምፅ፣ "ስቶን፤ ድንጋይ" አለች።

"እሱንማ ስንለቅመው አረጀን፤ ስሙን የነገረን ጠፍቶ ነው።"

ሴቱ ሁሉ ተንከተከተ። ፊቷ ሲቀላ አይቼ ልወስዳት ተነሣሁ። ሴትዮዋ ግን "ተቀመጭ አንች" ብለውኝ ወደ ልጄ ዞሩ፤ "አፍሽን ማን ሰፋው? ደግመሽ በይው።" ደገመችው።

በሦስተኛው ቀን፣ "ለኔስ የሚሆን ቃል የለሽም?" ቢሏት፣ "ኖይዚ የሚል አለዎት፣ እማማ፤ ጯሂ ማለት ነው" አለቻቸው። መጋዘኑ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ራሳቸው እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ከጆንያው ፈቀቅ አሉላት።

ቡሬ የሄድን ቀን ሚኒባሱ ውስጥ የፊቱን ወንበር ጨብጬ፣ ለመንገዱም ለልጄም ስጸልይ ደረስሁ። አዳራሹ ግጥም ብሏል። ቲ እና ኤች ተጻፉ። ከቡሬዋ ልጅ ጋር እየተቀባበሉ ሦስት ሦስት ቃል አሉ። በአራተኛው የኔዋ አፍ ተያዘ።

ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ አዳራሹ ተከተለው። አለቀ፣ ልጄ ከትምህርት ቤት ቀረች አልሁ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ አድርጌ በስስ በስሱ አያታለሁ።

እሷ ከፊት መደዳ እስከ ኋላ ቀስ ብላ አየቻቸው።

"ቲዝ" አለች። "ጥርስ። ይኸው ሁላችሁም የምታሳዩኝ።"

እንደገና ሳቁ፤ ዳኛው መምህርም ሳይቀሩ። ይኼኛው ግን የመጋዘናችን ሳቅ ነበር። ብድግ ብዬ እልል አልሁ፤ ከጎኔ ያሉት ሰውዬ ነጠላዬን ጎትተው አስቀመጡኝ።

በመጨረሻ በአንድ ቃል ተሸነፈች። ስንመለስ መንገድ ላይ ያለችውን ማንኩሳን እስክናልፍ ከደብተሯ ቀና አላለችም። ፈራሁ። ድንገት ግንባሯን በመዳፏ መታች።

"ኧርዝ። መሬት። እማ፣ እግሬ ሥር ያለውን እንዴት እረሳለሁ?"

ፈራ ተባ እያልሁ፣ "እንዲያ ሲስቁብሽስ?" አልኋት።

"የትኛውን ሳቅ?" አለች፣ ደብተሯ ላይ እንዳቀረቀረች።

ሰኞ ጧት ልቀሰቅሳት ብሄድ አልጋዋ ባዶ ነው። ትምህርት ቤት ሄዳለች።