ድልድይ የሚፈራው ሰውዬ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ፋጡማ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥታ እኔ ጋ ሰነበተች። የሸዋ ሮቢት ሙቀት በዚህ ወር ሰው አያስቆምም፤ ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ቬንቲሌተር ሥር ተጋድማ ከስልኳ ላይ የፍቅር ልብወለድ ታነባለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኩን ፍራሹ ላይ ወረወረችው።

«አክስቴ፣ በጣም ነው የተናደድኩት። የፍቅር ታሪክ ብለው ሰውዬውን አጭር፣ መላጣ፣ ጨለማ የሚፈራ አደረጉት። ልጅቷ ደግሞ ለሱ ትሞታለች። ምኑ ይወደዳል?»

ሳቅኩባት። ምኑ እንደሚወደድ የማውቅ ይመስለኛል፤ ያወቅኩት ግን እንዲሁ በዋዛ አይደለም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ያልመጣልኝ ዓመት ነበር። ቤት መዋል ስላስጠላኝ አስፋልቱ ዳር ባለ የእህል መጋዘን ማሾ ለቀማ ገባሁ። አዝመራው ሲገባ መጋዘኑ እስከ ጣሪያው በጆንያ ይሞላል። እኛ ሴቶች ሰሌን ላይ ተደርድረን፣ ሰፌድ ጭናችን ላይ አድርገን፣ ከአረንጓዴው ፍሬ ውስጥ ጠጠሩንና የተበላሸውን እየለቀምን እናወጣለን። ቆርቆሮው ሲግል አቧራው ከላብ ጋር አንገታችን ላይ ይለጠፋል። ምሳችን የማሽላ እንጀራ በማሾ ክክ ወጥ ነው፤ ከወንዝ ዳር ፓፓያ የመጣ ቀን ደግሞ ድግስ ነው። እኔ በዚያ ዕድሜዬ መቀመጥ አልችልም ነበር። በአስፋልቱ የሚያልፍ አውቶቡስ ሁሉ እኔን ትቶኝ የሚሄድ ይመስለኛል።

ለቃሚዎቹ አንድ ልማድ ነበራቸው። አንዷ ልብወለድ ጮክ ብላ ታነባለች፤ የእሷን ድርሻ ማሾ ሌሎቹ ይለቅሙላታል። ድምፄ ጥሩ ነው ተብሎ ንባቡ ለኔ ተሰጠኝ። በዚያ ሰሞን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሽፋኑ ያለቀ መጽሐፍ ደረሰን። ዋናው ሰው የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው፤ ቦርጫም፣ ጸጉሩ የሳሳ፣ ከሁሉም የባሰው ደግሞ ድልድይ የሚፈራ። የሚወዳት ሴት ከወንዙ ማዶ ናት። ሊያያት ሲሄድ ድልድዩን ትቶ፣ ውሃው እስከሚሳሳበት ድረስ ግማሽ ቀን ዞሮ ይሻገራል።

የለቀማው አለቃችን እትዬ ብዙነሽ ሰፌዳቸውን መሬት አስቀመጡ። «እኔ ለዚህ ፈሪ ብዬ ነው ያንቺን ማሾ የምለቅም? ዝለይውና ወንድ ያለበትን አንብቢልን» አሉኝ።

በማግስቱ ግን ገና ሰፌድ ሳይነሳ «ያ ፈሪ ምን ደረሰ?» ብለው የጠየቁኝ እሳቸው ናቸው። እኔም ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። መልከ መልካሙና ደፋሩ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እንደሚያሸንፍ ይታወቃል፤ ማንም አይጨነቅለትም። ይሄኛው አንድ እርምጃ በተራመደ ቁጥር ግን ሴቱ ሁሉ ትንፋሹን ይውጣል።

ጉዱ የመጣው በዚሁ መሃል ነው። ሰይድ የሚባል የጎረቤታችን የጀውሃ ከተማ ልጅ፣ ከመጋዘናችን ማሾ ጭኖ አዲስ አበባ የሚያደርስ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ላሳደገችኝ አክስቴ ሽማግሌ ላከ። ቁመቱ፣ ጥርሱ፣ አረማመዱ፣ ምን ልበላችሁ፣ የመጋዘኑ ሴት ሁሉ እሱ ሲመጣ ሻሿን ታስተካክላለች።

«አርብ መልስ ይፈልጋሉ። ምኑ ይጠላል?» አለችኝ አክስቴ።

የሚጠላ ነገር አልነበረውም፤ እኔን ያንገበገበኝም ይኸው ነው። ሁሉም መርጦ የጨረሰልኝ ሰው ነው። ለቀማ ላይ ሆኜ «እኔስ ድልድይ የሚፈራውን ነው የማገባ» አልኩና ሴቶቹን አሳቅኳቸው። ጫኞቹ ሰምተው ወሬውን ጀውሃ አደረሱት።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ሴቶቹ ለምሳ ሲወጡ ሰይድ ገባና ሚዛኑ አጠገብ ቆመ።

«እምቢ ልትይ ነው አሉ።»

«ማን አለ?»

«ጫኞቹ። ፈሪ ነው የምትፈልገው ብለው ይስቁብኛል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የጣርማ በርን ገደል ስወርድ እግሬ ይንቀጠቀጣል። ጉም ያለ ቀን መሪውን የያዘው እጅ የኔ አይመስለኝም። ወላሂ፣ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ከታወቀ ማን ይጭንልኛል?»

ንዴቴ መጣ። «የመጽሐፉን ሰው ሆነህ ልታገባኝ ነው?»

አልተቆጣም። «ሰውዬው መጨረሻው ምን ሆነ?» አለኝ።

«አገኛት።»

«እሱን አይደለም የምጠይቅሽ። ፍርሃቱ ለቀቀው ወይ?»

አልለቀቀውም ነበር። ድልድዩን ዓይኑን ጨፍኖ፣ በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ ነው የተሻገረው፤ ሲመለስም እንደዚያው። ይህንኑ ነገርኩት። ሰይድ ጆንያ ላይ ተቀመጠና መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። ሊያታልል የመጣ ሰው ይህን አይጠይቅም። አመንኩት።

«ታዲያ ለምን ለኔ ነገርከኝ?»

«እሺ ካልሽ ቤት ሆነሽ የምትጠብቂኝ አንቺ ነሽ። የምትጠብቂውን ሰው እወቂው ብዬ ነው። እምቢ ካልሽም አውቀሽ እምቢ በይ።»

አርብ ከጁምዓ በኋላ እሺ አልኩ። አክስቴ «እንዲያ ያለ መልክ እኮ አይታለፍም» ብላ ተደሰተች። አላረምኳትም።

ፋጡማ ይህን ሁሉ ከሰማች በኋላ አጎቷን ሰይድን እንደ አዲስ ሰው ታየው ጀመር። እኔ ግን መጽሐፉ ያልነገረንን ነገር ልነግራት ፈልጌ ተውኩት። እንዲህ ያለው ሰው ለንባብ ይጥማል፤ ለኑሮ ግን ሌላ ነው። የሌሎቹ ሹፌሮች ሚስቶች ባሎቻቸው አይፈሩም ብለው ያምናሉና ሥራቸውን ይሠራሉ። እኔ ቤቴ ተቀምጬ ጣርማ በርን ከሱ ጋር ስወርድ ኖሬአለሁ። አሁን ደግሞ የመንገዱ ፍርሃት ገደል ብቻ አይደለም፤ አንዳንድ ቀን መንገዱ ተዘጋ ይባላል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ በአጣዬ በኩል ተኩስ ተሰማ ይባላል። ዛሬም ጭኖ ወጥቷል። ጠዋት ሲነሳ «ፈርተሃል?» አልኩት፤ «እንደ ሁልጊዜው» አለኝ።

ያን ቀን ባይነግረኝ ኖሮ ይህን ሁሉ ዘመን በሰላም እተኛ ነበር፤ አጠገቤ የሚተኛው ማን እንደሆነ ሳላውቅ።