ለቤት የሚሆን ቦታ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ታች ጋይንት

ረቡዕ

በጥር ወር፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከአዲስ አበባ ስነሣ ሁለት ዕቃና አንድ ሰው ይዤ ነበር። ዕቃዎቹ ሃያ ሜትር ቀጭን ነጭ የላስቲክ ቱቦና አንድ ጥቅል ሲባጎ ናቸው። ሰው ያልኋት ምራቴ ትዕግሥት ናት።

የጉዞው ምክንያት እንዲህ ነው። ልጄ ሙሉቀን ሹፌር ነው። እሱ፣ ሚስቱ ትዕግሥትና የስድስት ዓመቷ ልጃቸው ሶልያና ከአንድ ፎቅ ሥር፣ ምድር ቤት ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ግድግዳው ያልበዋል፤ ልጅቷ ክረምት ከበጋ ትስላለች። በታች ጋይንት ደግሞ ታላቅ እህቴ ጥሩነሽ ልጅ ሳትወልድ አርጅታ የአባታችንን መሬት ብቻዋን ይዛለች። ቀበሌው የሚጠይቃት አንድ ነገር ነው፤ መሬቱ ላይ ኖሮ የሚያርስ ዘመድ ካለ ይምጣ ይላል። እኔ ነገሩን በአንድ ቀን ቆረጥሁት። ሙሉቀንም እሺ አለ። ትዕግሥት ግን በዓይኔ ሳላይ እሺ አልልም አለች። ካየሁት በኋላ ካልወደድሁት ይህ ወሬ በቤታችን ዳግመኛ እንዳይነሣ ብላ ቃል አስገባችን። ሙሉቀንን ሥራ ያዘውና ከልጅቷ ጋር ቀረ፤ መንገድ መሪ እኔ ሆንሁ።

እኔ ማን እንደሆንሁ አንባቢ ይወቅ። ስሜ አስረስ ነው። ከጋይንት በአሥራ ሁለት ዓመቴ በእግሬ ወጣሁ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም። ፊደልን ከሱቅ ሰሌዳ፣ ቁጥርን ከሚዛን ለቀምሁ። የሞተር ጥምጠማን የተቃጠለ ሞተር ፈትቼ፣ ሽቦውን ዙር በዙር እየቆጠርሁ ራሴን አስተማርሁ። ዲፕሎማ ያላቸው ልጆች ሞቷል ብለው የጣሉትን የውኃ ፓምፕ ስንቱን አስነሥቻለሁ። አሁን ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ መነጽር የማደርገው ለማንበብ ብቻ ነው።

መንገዱ ሰላም መሆኑን ሦስት ቀን ስልክ እየደወልሁ አጣርቼ ስለነበር ያለ ሐሳብ ተጓዝን። ዓባይ በረሃ ስንወርድ የአውቶቡሱ ፍሬን እንዴት እንደሚሠራ ከጎኔ ለተቀመጡት አስረዳኋቸው። አንዱ እንቅልፉ ነው መሰል ዓይኑን ጨፈነ። ትዕግሥት በመስኮት አገሩን ታያለች። ማታ ባሕር ዳር አደርን።

ሐሙስ

ከባሕር ዳር በሚኒባስ ወረታን አልፈን ደብረ ታቦር ቁርስ በላን። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሽቅብ ነው። ጉና በስተቀኝ ቆሞ ደመናውን ተከናንቧል፤ ማሳው ታጭዷል፣ በየአውድማው ላይ የገብስ ክምር ይታያል። ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል። ንፋስ መውጫ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። ከተማዋ ስሟን በከንቱ አላገኘችም፤ ከመኪና ስወርድ ባርኔጣዬን ወሰደችብኝ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ሮጦ ይዞ መለሰልኝና ማረፊያ ቤት ድረስ በሃምሳ ብር አደረሰን። ሽሮው መቶ ሃምሳ ብር ነው፤ ቃሪያው ግን ዓይን ያበራል።

እራት ላይ ትዕግሥት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ነገር፣ የእህቴ አገር ከዚህ ይብሳል ወይ የሚል ነበር። ስለ ብርዱ መሆኑ ነው። ቤት በትክክል ከተሠራ ብርድ አይገባም፣ ቤቱን ደግሞ የምሠራው እኔ ነኝ አልኋት። ሽሮዋን በላች።

ዓርብ

አርብ ገበያ በገበያዋ ቀን ደረስን። አህያና ሰው ተቀላቅሎ መንገዱን ሞልቶታል። ገብስ የምትሸጥ አንዲት ሴት ፊት ቆሜ ፍሬውን እየነከስሁ፣ ይህ ገብስ ሳይደርቅ ነው የተወቃው ብዬ ለትዕግሥት አስረዳሁ። ሴትዮዋ ጥቂት ታገሠችና፣ “ጋሼ፣ ገዥ ነዎት ወይስ በቅሎ? ግማሹን እኮ ጨረሱት” አለችኝ። ዙሪያው ያለው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ገብሱ ግን እርጥብ ነበር።

ዞር ስል ትዕግሥት የለችም። አንድ ልብስ ሰፊ በረንዳ ሥር ቆማ አገኘኋት። ሰውየው አንድ የእግር መኪና ብቻ ነው ያለው፤ ጨርቁ ከጎኑ እስከ ወገቡ ተከምሯል። እሷ አዲስ አበባ የምትተዳደረው በልብስ ስፌት ነው። ቀሚስ ለማሰፋት ስንት ሳምንት እንደሚጠበቅ አንዲቱን ሴት ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ከጥምቀት በፊት የሰጠሁት ይኸው እስካሁን አልደረሰም አለች። ትዕግሥት አንዱን የተሰፋ ልብስ ገልብጣ ስፌቱን አየችና አስቀመጠችው።

ከአርብ ገበያ ወደ ወገዳ በሚሄድ መኪና ጥቂት ተጉዘን ወረድን፤ ከዚያ በእግር አንድ ሰዓት። እህቴ ከአጥሯ ውጭ ምርኩዟን ይዛ ቆማ ጠበቀችን። ጉንጬን ሳመችና፣ “ወንድምዓለም፣ አረጀህ እኮ” አለችኝ። አንቺ ግን እንዳለሽ ነሽ አልኋት፤ ዋሸሁ። ድንች ወጥና የገብስ ጠላ ቀረበ። ጎረቤቷ አያ ዘለቀም መጣ። ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ዝምተኛ ገበሬ ነው፤ የእህቴን መሬት የእኩል የሚያርሰው እሱ ነው።

ቅዳሜና እሑድ

ሁለቱ ሰንበታት ናቸውና መሬት አይነካም። ስለዚህ ዞርሁ፣ አየሁ፣ አስረዳሁ።

ለቤት የሚሆን ሁለት ቦታ አለ። አንዱ ከታች ያለው ሜዳ ነው፤ እንደ መዳፍ የተዘረጋ ነው። ሁለተኛው ከበላዩ ያለው ተዳፋት ነው። አባቴ ቤት የሠራው እዚያ ተዳፋት ላይ ነበር። ቤቱ ከፈረሰ ቆየ፤ ክብ የመሠረቱ ድንጋይ ግማሹ አፈር ለብሶ፣ ሣር በቅሎበት ይታያል። ልጅ ሆኜ እንኳ ያ ቤት ዘመም ያለ ይመስለኝ ነበር። አባቴ ደግ ሰው ነበር፤ ግን ፊደል አልቆጠረም፣ ውኃ ልክ የሚባል ነገር አላየም። ሜዳ እያለለት ዳገት ላይ የወጣው ባለማወቁ ነው ብዬ ለትዕግሥት ነገርኋት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይህንኑ ለሽማግሌዎቹ በዝርዝር አስረዳሁ። ሰኞ በሜዳው ላይ ችካል ስለምተክል ቄሱ ማክሰኞ ጠዋት መጥተው ጸሎት እንዲያደርሱልን ለመንሁ። ሁሉም አንገታቸውን ነቅንቀው “መልካም፣ ይሁን” አሉ። የሚከራከረኝ ሰው ስላልተገኘ ደስ አለኝ።

እኔ ስናገር ትዕግሥት ከብት ታይ ነበር። ወደ ማታ ግድም ጠየቀችኝ።

“አባባ፣ ጠዋት ከብቶቹ ሲለቀቁ ሜዳውን ዝም ብለው አልፈው ዳገቱ ላይ ነው የሚቆሙት። ትናንትም ዛሬም እንደዚያ ናቸው። ለምንድን ነው?”

“ላም ስለ ቤት ሥራ ምን ታውቃለች?” አልኋት።

ሰኞ

ቱቦውን ውኃ ሞላሁት። አንዱን ጫፍ አያ ዘለቀ ያዘ፣ ሌላውን እኔ። ለማያውቅ ልንገር፤ ውኃ ልክ የሚሉት ይህ ነው፤ ውኃ በቱቦው ሁለት ጫፍ ምንጊዜም እኩል ስለሚቆም መሬቱ ዘንበል ማለቱን ይናገራል። አራት ችካል ተከልሁ፤ ርዝመቱ አሥር ሜትር፣ ወርዱ ስድስት። ሲባጎውን ወጠርሁ። ከጫፍ ጫፍ ያለው ልዩነት አራት ጣት አይሞላም። መኝታ ቤቱን፣ ማድ ቤቱን፣ ትዕግሥት የስፌት መኪናዋን ከሥሩ የምታስቀምጥበትን መስኮት በእግሬ እየተራመድሁ አሳየኋት።

አያ ዘለቀ ቱቦውን በአድናቆት ሲያገላብጥ ትዕግሥት ወደ እሱ ጠጋ ብላ፣ ሜዳው በክረምት እንዴት ነው አለችው። እሱ ወደ እኔ አየ፣ ወደ መሬቱ አየ፤ “እኔ ምን አውቄ እህቴ፣ ጋሼ ያውቃሉ” አለ። ትክክል ተናገረ ብዬ ቱቦዬን ጠቀለልሁ።

ማክሰኞ

ቄሱ ሳይመጡ ሥራዬን ልይ ብዬ ገና ጎሕ ሲቀድ ወጣሁ። ትዕግሥት ቀድማኝ ሜዳው መሃል፣ ነገ መኝታ ቤት ይሆናል ያልሁበት ላይ፣ የእህቴን ጋቢ ተከናንባ ቆማለች። ሜዳው ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው። ውርጭ ጥሎበታል። ሣሩ ከእግሬ ሥር እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። የወጠርሁት ሲባጎ ነጭ ፀጉር አብቅሎ እንደ ገመድ ወፍሯል።

ትዕግሥት ሲባጎውን በጣቷ ነካችው፤ ውርጩ ረገፈ።

“አባባ፣ ሶልያና እዚህ አታድርም።”

ድምጿን ከፍ አላደረገችም። እኔ ግን ጉዞው ሁሉ፣ የእህቴ ተስፋ፣ የአባቴ መሬት በዚያች ቃል እንዳበቃ ገባኝ። ከወሰነች ወሬው ዳግመኛ ላይነሣ ቃል ገብቻለሁ።

ቀና ስል ፀሐይ ዳገቱን ይዛዋለች። የአባቴ ቤት ፍርስራሽ ላይ ቢጫ ብርሃን አለ፤ ከብቶቹ ጎናቸውን ሰጥተው ይሞቃሉ። እኛ ያለንበት ገና ጥላ ነው። ዳገቱን ወጣሁ። መሬቱን በመዳፌ ዳሰስሁ፤ ደረቅ ነው፣ አንዲት ነጭ የለበትም።

አያ ዘለቀ ከብቶቹን ተከትሎ እዚያው ነበር። ትዕግሥት ደርሳ፣ “ያውቁ ነበር?” አለችው።

“አውቅ ነበር። ከታች ያለው ከኅዳር ጀምሮ ውርጭ ይጥለዋል። ክረምት ደግሞ ዋልካ ነው፣ ውኃ ይቋጥራል። ግን የማርሰው እኔ ነኝ። አይሆንም ብል መሬቱ እንዳይቀርበት ነው ትሉኛላችሁ።”

“ታዲያ አሁን ለምን ነገሩን?”

“ትናንት ማታ ልጄ ትስላለች ስትይ ሰማሁ።”

ትዕግሥት፣ ከመጣን ባሌ መሪ እንጂ እርፍ ጨብጦ አያውቅም፣ እርስዎ ካላስተማሩት የሚያርስ የለም፤ አብራችሁ ታርሳላችሁ አለችው። ሰውየው ባርኔጣውን አውልቆ መልሶ አደረገው።

እኔ ቱቦዬን አስመጣሁ። ለምን እንዳስመጣሁት ያን ጊዜ በደንብ አላወቅሁም። የአባቴን መሠረት አፈሩን በእጄ ጠረግሁና አንዱን ጫፍ ለትዕግሥት ሰጥቼ ዙሪያውን ለካሁት፤ በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በላይ፣ በታች። በላይ በኩል መሬቱን ቆፍሮ ዝቅ አድርጎታል፤ በታች በኩል ድንጋይ ደራርቦ ከፍ አድርጎታል። ይህን ሁሉ ዘመን ዘመም ያለ የመሰለኝ ዳገቱ ነው እንጂ ቤቱ አይደለም። የመሠረቱ ልዩነት ግማሽ ጣት ነው። የእኔ አራት ጣት ነበር፤ ያውም ሜዳ ላይ።

እህቴ ምርኩዟን ይዛ ደርሳ ኖሯል። ምነው አልነገርሽኝም አልኋት።

“አንተን ማን ይናገርሃል ወንድምዓለም? ሦስት ቀን ሙሉ አፍህ ሲዘጋ ጠበቅሁ።”

ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ወደ ሜዳው ሲወርዱ ከላይ ጠራናቸው። ሽማግሌዎቹም ተከትለዋል። ቄሱ፣ ትናንት ከታች አልነበር እንዴ ብለው ጠየቁኝ። “ተሳስቼ ነበር አባቴ” አልሁ። ይህን ቃል ማንበብም መጻፍም እችላለሁ፤ ከአፌ ሲወጣ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ቄሱ ፈገግ ብለው፣ ችካል መንቀል ቤት ከማፍረስ ይቀላል አሉና ጸሎታቸውን ጀመሩ። ችካሎቹን ሁሉ እኔው ራሴ ነቅዬ፣ እኔው ራሴ ዳገት ተሸክሜ ከአባቴ ድንጋይ ጎን ተከልኋቸው። በሰባ አንድ ዓመቴ፣ ሳላርፍ።

የመልስ መንገድ

ረቡዕ በወገዳ በኩል ወጣን። እስቴ ድረስ መንገዱ አቧራና ኮረኮንች ነው፤ ሁለት ጊዜ ወርደን መኪና ገፋን። አንዴ ሞተሩ ሲጠፋ ምክንያቱን ለሹፌሩ ነገርሁት፤ ልክ ነበርሁ፣ ይህም ይጻፍልኝ። ትዕግሥት እሺም እምቢም ሳትል እንደ መጣችው በመስኮት እያየች ተመለሰች። እኔም አልጠየቅሁም። ምን ያህል እንደከበደኝ የሚያውቅ የሚያውቀኝ ነው።

ዓርብ ማታ አዲስ አበባ ገባን። ሙሉቀን በሩን ሲከፍት ሶልያና ከውስጥ ትስላለች። “እህስ?” አለ፤ እኔን ነበር ያየው። ወደ ሚስቱ አመለከትሁት።

ትዕግሥት ልጇን አቅፋ ሳመች። ከዚያ እጇን እርጥቡ ግድግዳ ላይ አሳረፈች፣ ጥግ ያለውን የስፌት መኪናዋንም አየች።

“ይህን እስከ አርብ ገበያ በምን ነው የምንጭነው?” አለች።

ከጋይንት ከወጣሁ ስድሳ ዓመት ሊሞላ ነው፤ ሁሉን ነገር ከማንም ሳልማር ራሴ አወቅሁ እያልሁ ስናገር ኖሬአለሁ፤ ውሸትም አይደለም። አሁን ግን ሰው ሙያህን ከማን ተማርህ ሲለኝ ጥቂት አስባለሁ። ቱቦውን አጥቤ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ለቤቱ ሥራ ግንቦት ሳይገባ ይዤው እወርዳለሁ። አባቴን አላስፈለገውም። እኔን ያስፈልገኛል።