ማንበቤ ቤቴን ሊያሳጣኝ ነበር

ትናንት ጠዋት ቤቴ የእኔ መሆኑን ላስረዳ ሄጄ፣ እኔ ራሴ እኔ ስለመሆኔ ተጠየቅሁ...

ሰፈራችን ቡርቃ ዛሬ የአምቦ ቀበሌ ትባል እንጂ በፊት ራሷን የቻለች ከተማ ነበረች። ማዘጋጃ ቤት ነበራት፣ ማኅተም ነበራት፣ የሐሙስ ገበያ ነበራት። አምቦ እየሰፋች መጥታ ዋጠቻት። ማዘጋጃ ቤቱ ተዘጋ፤ ፋይሎቹም በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቀው ወደ አምቦ ማዘጋጃ ቤት ተጫኑ። አሁን ደግሞ «የቡርቃ ሰዎች፣ መጥታችሁ ፋይላችሁን አረጋግጡና አዲስ ካርታ ይሰጣችኋል፤ ያልተረጋገጠ ይዞታ ባለቤት እንደሌለው ይቆጠራል» ተባለ። ያለኝ ነገር ሁሉ ከእናቴ የወረስኩት ያ ቤት ነው።

ሰልፉ ላይ ከኋላዬ ማን መጥቶ ቢቆም ጥሩ ነው? ኦቦ ደበላ! የአጥር ጎረቤቴ ነው። ባሕር ዛፉ የጉድጓዴን ውሃ መጥጦ ካደረቀብኝ ወዲህ ሰላምታ የለንም። ለቅሶ ቤት እንኳን እሱ ካለበት ማዶ ነው የምቀመጠው። ጀርባዬን ሰጠሁት።

ተራዬ ደረሰ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ትሁት ናት። «አካም ቡልታን፣ ሀርሜ?» ብላ፣ እንደ እናቷ እንዴት እንዳደርኩ ጠይቃ፣ ፋይሌን አወጣች። የእጅ ጽሕፈቱ ደብዝዞ አስቸገራት። መነጽሬን አደረግሁና ተንጠራርቼ አነበብኩላት፤ አምቦ ገና ሀገረ ሕይወት ስትባል የተጻፈ ነው።

«ሀገረ ሕይወት፣ የቡርቃ ከተማ ማዘጋጃ ቤት... የወይዘሮ አስካለ ይዞታ። በሰሜን አቶ ደበላ፣ በደቡብ መንገድ፣ በምሥራቅ ወንዝ፣ በምዕራብ ግጦሽ...»

ልጅቷ ግርጌው ላይ ያለውን የጣት አሻራ አየች፤ ከዚያ እኔን አየች።

«ሀርሜ... ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እዚህ ጋ ‹ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ በጣታቸው ፈርመዋል› ይላል።»

«አዎ፣ ያኔ አልችልም ነበር።»

«አሁን ግን ከእኔ በላይ አነበቡ። በሰው ፋይል የሚመጡ ስላሉ ነው፣ አይቀየሙኝ። የሚያውቅዎት ምስክር ያስፈልጋል፤ አዋሳኝ ጎረቤት።»

ደሜ ፈላ። አባቴ ወንድሞቼን ትምህርት ቤት ልኮ እኔን ውሃ አስቀዳኝ። የመሠረተ ትምህርት ሲመጣ ባሌ «ለድስት ፊደል ምን ያደርግለታል?» ብሎ አስቀረኝ። ልጆቼን ድሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው፣ ሽበቴን ይዤ የማታ ትምህርት የገባሁት። ባለማወቄ ስናቅ ኖሬ አሁን ደግሞ በማወቄ ቤቴ ሊሄድ!

«አዋሳኞቼ ወንዝና መንገድ ናቸው» አልኳት። «ወንዙን ልጥራልሽ?»

«በሰሜን አቶ ደበላ የሚለውስ?»

ወደ ኋላዬ ዞር አላልኩም። ብሞት አልለምነውም።

ከኋላዬ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እሼዳ... እሷ ናት» አለ ኦቦ ደበላ።

«በምን ያውቃሉ፣ ኦቦ?»

«በምን አውቃለሁ? ማታ ማታ ፊደል ስትቆጥር በአጥሩ በኩል ስሰማት የከረምኩ ሰው ነኝ! ‹ጸ ጹ ጺ› ላይ ስትደርስ ትሳሳታለች፣ ራሷን ትሳደባለች፣ እንደገና ከ‹ሀ› ትጀምራለች። እኔም አልጋዬ ላይ እየተገላበጥኩ ‹ዛሬስ ታልፋት ይሆን?› እላለሁ። ያለፈቻት ቀን እኔም እፎይ ብዬ ተኛሁ።»

ሰልፉ በሳቅ ተናጋ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ያን ሁሉ ማታ ብቻዬን ያጠናሁ መስሎኝ ነበር...

ልጅቷ የምስክር ወረቀቱን አቀረበች። ደበላ ብዕሩን ገፋ አድርጎ አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነከረ። ከሥሩ እኔ ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩ። ካርታዬ በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚደርስልኝ ተነገረኝ።

ልወጣ ስል ደበላ ክንዴን ነካ አደረገኝ። የእሱም ፋይል ወጥቶ መስኮቱ ላይ ተዘርግቷል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«አስካለ... ልጅቷን የድሮው ጽሕፈት አስቸግሯታል። እኔም ታውቂያለሽ። ምን እንደሚል አንብቢልኝ» አለኝ።

መነጽሬን መልሼ አደረግሁ። «በደቡብ ወይዘሮ አስካለ» ብዬ ጀመርኩ።

«ቀስ ብለሽ» አለኝ፤ «ዛሬ ማንም አላባረረሽም።»

መማሬን ወዳጆቼ በወሬ ሰሙት... በጆሮው የሰማው ግን ያኮረፍኩት ጎረቤቴ ነው።