ከበር የሰፋው ጎተራ

መልካሙ ስለ አኻያ ሲያወራ ስለ ዘመዱ የሚያወራ ይመስላል። በስማዳ ቆላ፣ በበሽሎ ወንዝ ዳር፣ ሌላው ቁጥቋጦ በበጋው ሲያር አኻያ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ይለመልማል። ጥርሱን የሚፍቀው በእሱ ነው፤ የንቡ ቀፎ የተጎነጎነው ከእሱ ነው። ሚስቱን ዘነበችን ምጥ ሲጠናባት ዳገቱን ያወጣት ቃሬዛም የአኻያ ነበር። በዚያ ምጥ የተወለደችው ልጁ የሻረግ ናት ዘንድሮ በጥር ወደ ላይ ጋይንት የምትዳረው።

«ልጄ ደገኛ ቤት ባዶ እጇን አትገባም» ብሎ የገብስ ጎተራ ጀመረላት። እርጥቡን ልምጭ ፀሐይ እንዳይመታው ቤት ውስጥ ተቀምጦ፣ እያንጎራጎረ ጎነጎነ፣ እያንጎራጎረ አሰፋ። ወደ በሩ ግን አንድም ቀን ዞር ብሎ አላየም።

በሠርጉ ቀን ሚዜዎቹ ሊያወጡት ቢሉ ጎተራው በሩ ላይ ተቀረቀረ።

«አማቼ፣ ጎተራውን ነው የሚሰጡን ወይስ ከነቤቱ?» አለ የሙሽራው አጎት ጌታነህ። አንዱ ሚዜ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጽ ጀመር፤ ሌላው መቃኑን ሊነቅል መጥረቢያ ጠየቀ።

ዘነበች መቃኑን ከልላ ቆመች። «በልጄ ሠርግ በር አይፈርስም! ደግ አይደለም።»

«እንግዲያው ጎተራው ይቆረጥ። የቆላ እንጨት እንደሆን ደጋችን ላይ ዓመት አይቆይም» አለ ጌታነህ።

ይቺ ቃል መልካሙን ጠቅ አደረገችው። የሻረግ ከጓዳ ሆና ታየዋለች።

«ዘነበች፣ ውሃ!»

እንስራውን ሙሉ ጎተራው ላይ አርከፈከፈ። ጠላው ለእንግዶቹ አንድ ዙር እስኪዞር ድረስ እየደጋገመ አራሰው። ከዚያ የጎተራውን ወገብ በጠፍር አጥብቆ አስሮ «ሳቡ!» አለ። አኻያው ሲጥ አለ። የመልካሙም ልብ አብሮ ሲጥ አለ፤ አንዲት ልምጭ ብትሰበርስ? አልተሰበረችም። ጎተራው ሆዱን ሰብስቦ፣ እንቁላል መስሎ፣ በመቃኑ መሃል ሹልክ አለ። ደጅ ላይ ጠፍሩን ሲፈቱለት ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው ተንጠራርቶ ክብ ሆነ።

«የበሽሎ ጎርፍ ያልሰበረውን የእናንተ ገብስ ይሰብረዋል፣ አማቼ?» አለ መልካሙ።

ጌታነህ ጎተራውን በመዳፉ መታ መታ አደረገና ሳቀ። «ተሸነፍኩ! ከሙሽራዋ ቀድሞ ይጫንልን።»

እልልታው ቀለጠ። ዘነበችም ግጥም አወጣች፦

የበሽሎ አኻያ የወንዝ ዳሩ ወንዱ፣
ጎንበስ ብሎ አልፎ ቀና ማለት ልምዱ።

ሙሽሮቹን የጫነው አይሱዙ ዳገቱን ተያያዘው። ልጁ ከጋቢናው ውስጥ አትታየውም፤ ጎተራው ግን ከላይ ሆኖ እስከ ጠመዝማዛው ድረስ ታየው። መልካሙ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ።

«ለመሆኑ» አለች ዘነበች፣ «በሩን ሳትለካ ነው እንዴ የሠራኸው?»

«ለየሻረግ» አላት፣ «በበር ልክ ልሥራላት?»