ለኳርተርባክ የተሳለ ዣንጥላ

ባለፈው ሳምንት ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ የገዛሁትን ሽንኩርት ልጭን የወንድሜን የብሩክን መኪና ትራንክ ስከፍት፣ ከትርፍ ጎማው አጠገብ በላስቲክ የተጠቀለለ ዣንጥላ ተጋድሞ አገኘሁ። የዝናብ ቢሆን ምን ገዶኝ፤ ዳር ዳሩን ወርቃማ ዘርፍ የተንዠረገገበት፣ ለታቦት የሚዘረጋ ቀይ የከፋይ ዣንጥላ ነው። ያ የአዲስ ከፋይ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ስንት ዓመት የተኛ ንዴቴ ብድግ አለ። በዚህ ዓይነት ዣንጥላ የተነሳ እናቱን ክረምቱን ሙሉ ያኮረፈ ሰው፣ ጭራሽ እሱው ገዝቶ በመኪና ይዞ ይዞራል። ሽንኩርቱን ላዩ ላይ ልጥለው ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ማርያምን ፈርቼ ተውኩት።

ያደግነው አሜሪካ፣ ፊሊፕስ የሚባል ሠፈር ነው፣ ብርዱ በገባ ቁጥር ማሞቂያው እንደ ሽማግሌ በሚያስልበት አፓርትመንት። የሠፈሩ የሐበሻ ልጅ ሁሉ እግር ኳስ ሲያሳድድ ብሩክ ያቺን እንቁላል የመሰለች የአሜሪካኖቹን ኳስ አቅፎ ያድራል፤ ክንዱ ደግሞ እውነትም የተባረከ ነበር፣ ከመንገዱ ማዶ ወርውሮ እጄ ላይ ሲያሳርፋት ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። አባዬ፣ ከኤርፖርት ታክሲ ይነዳ የነበረ ሰው፣ የጨዋታውን ሕግ አንዱንም ሳያውቅ፣ ኳርተርባክ ማለት ኳሷን መጀመሪያ ተቀብሎ ሌሎቹን የሚያዝ ነው ሲሉት "አዛዥ ነዋ" አለና ከዚያ ቀን ጀምሮ ለጫነው መንገደኛ ሁሉ ሲያወራ ኖረ። እማዬ ያየችው ግን ሌላ ነው። "ምን ቢያደርጋቸው ነው ተሰብስበው የሚወድቁበት?" ብላ ጠየቀችኝ፤ ይህን ጥያቄ በደንብ የመለሰላት ሰው እስከ ዛሬ የለም።

የሃይስኩል ጨዋታ አርብ አርብ ነው፣ አርብ ደግሞ ጾም ነው። ጓደኞቹ ከጨዋታው በፊት በርገራቸውን ሲያወርዱ የእኛ አዛዥ የእማዬን የምስር ሳምቡሳ ገምጦ ይገባል። እማዬ ከአንድም ጨዋታ ቀርታ አታውቅም፤ አንድም ጨዋታ ግን አይታ አታውቅም። ካፖርቷ ላይ ነጠላዋን ደርባ ትመጣና፣ ልክ ብሩክ ሜዳ ሲገባ ለሜዳው ጀርባዋን ሰጥታ ወደ አጥሩ ዞራ ትቀመጣለች፣ የፈረንጅ እናቶች ሁሉ ጨዋታውን ትተው እሷን ያያሉ። ዓይን ሆኜ የምነግራት እኔ ነኝ። "ወደቀ?" ትለኛለች፤ ወደቀ። "ተነሳ?" ትለኛለች፣ ተነሳ እስክላት ድረስ ትንፋሽ የላትም፣ ትንሽ ከዘገየሁ ጭኔን ትቆነጥጠኛለች። እኩዮቼ ትኩስ ቸኮሌት እየጠጡ ሲሳሳቁ እኔ ልጅነቴን "ተነሳ፣ እማዬ፣ ተነሳ" ስል ጨረስኩት። ይህ ልጅ አንዴ እንኳ ሳይወድቅ ወርውሮ ቢወጣ ምን ነበረበት?

ከኮሌጅ በኋላ አንድ የደቡብ ከተማ ቡድን በባለሙያነት አስፈረመውና ሠፈሩ በደስታ አበደ። ከዚያ በኋላ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤታችን መቀመጫ አይገኝም፤ ጋሽ በቀለ የሚባሉ፣ ሌክ ስትሪት ላይ ጫማ የሚሸጡ ጎረቤታችን፣ ልጁ እንዲጫወት ጸሎት ሳያደርሱ ቴሌቪዥኑ አይከፈትም። ምን ይሆናል፤ ብሩክ ተጠባባቂ ነው። ኮፍያውን ደፍቶ፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ሜዳው ዳር ቆሞ ሌላው ሲጫወት ያያል። ካሜራው ለአፍታ ሲያሳየው ቤቱ በእልልታ ይናወጣል፣ ከዚያ መልሶ ዝም። ቡድን ቀየረ፣ ከተማ ቀየረ፣ ቀለሙን የሚለውጠው ግን ኮፍያው ብቻ ነው። ጋሽ በቀለ "ጸሎታችን ምን ጎደለው?" እያሉ ስግደት ጨመሩ፤ እማዬ ወጥ ቤት ሆና ሽንኩርቷን ትከትፋለች።

አንድ እሑድ ዋናው ኳርተርባክ ተመትቶ በቃሬዛ ወጣና ብሩክ ኮፍያውን አውልቆ ገባ። አባዬ ሶፋው ላይ ቆመ። እማዬ ወደ ግድግዳው ዞረች፣ እኔም ያንን የድሮ ሥራዬን ጀመርኩ። በር የሚያህል ሰው እየሮጠበት ሳለ ብሩክ አርቆ ወረወረ፤ ኳሷ ድሮ እኔ እጅ ላይ እንደምታርፈው የጓደኛው እጅ ላይ አረፈች፣ ያ ግዙፍ ሰውም ስቶት አልፎ ሣሩ ላይ ተዘረረ። ቡድኑ ቢሸነፍም ያን ውርወራ ያየ ሁሉ ይህ ልጅ ለዚህ እንደተፈጠረ ገብቶታል። ዋናው ሲያገግም ግን ብሩክ ወደ ኮፍያው ተመለሰ፣ የውድድሩ ወቅት ሲያልቅ አሰናበቱት፣ ሌላ የሚፈልገው ቡድንም አልመጣም።

በቀጣዩ የማርያም በዓል እማዬ ቀይ የከፋይ ዣንጥላ ተሸክማ ቤተ ክርስቲያን መጣች። በእኛ ደንብ ስለቱ የሰመረለት ሰው ምን ብሎ እንደተሳለ በሕዝብ ፊት ይነገርለታል፤ ቄሱ ማይክራፎኑን ይዘው፣ ይህች እናት ገና ልጇ ሲፈርም፣ ማንም ሳይነካው በሙሉ አካሉ ከጨዋታው ብታወጪልኝ ብላ የተሳለችው ነው ብለው ተናገሩ። ሕዝቡ እልል አለ፣ ነገሩ ሲገባቸው ግን እልልታው እዚህም እዚያም ተቆራረጠ። ጋሽ በቀለ ወደ እኔ ዞረው "ለካ ይህን ሁሉ ዓመት ከእናትሽ ጋር ገመድ ስንጓተት ነው የኖርነው" አሉ። ብሩክ ጫማውን እንኳ በወጉ ሳያደርግ ወጣ። በማግሥቱ መጥቶ ሕልሜን ወሰድሽብኝ አላት፣ በእንግሊዝኛ፤ እሷም በአማርኛ "እኔ የወለድኩት ልጅ ነው፣ ኳርተርባክ አልወለድኩም" አለችው። ከዚያ በረዶው እስኪቀልጥ ደጃችንን አልረገጠም፤ በሁለቱ መሐል መልእክት ስታመላለስ የከረመችውም ያችው ዓይን ተብዬዋ እኔ ነኝ።

ከዓመታት በኋላ ያ በቃሬዛ የወጣው ሰው በከዘራ እየተጎተተ፣ የልጆቹን ስም እየዘነጋ በቴሌቪዥን ታየ። በዚያ ቀን ብሩክ ምሳውን ከእማዬ ጋር በላ። ደህና አድርገሻል አላላትም፣ እሷም ይቅር በለኝ አላለችውም፣ እንደዚያው እንዳሉ እማዬ አረፈች። ሁለቱም ግትሮች ናቸው፤ ያናደደኝም ይኸው ነው፣ አንዲት ቃል ሳይባባሉ መቅረታቸው።

ትናንት አርብ የብሩክ ልጅ የኖኅ ጨዋታ ነበር። ኳርተርባክ ነው፣ ሌላማ ምን ይሆናል። መቀመጫችንን እንደያዝን ስለ ዣንጥላው ጠየቅኩት፣ በእንግሊዝኛ አድበስብሶ አለፈኝ፤ ስለት ከሆነ ሲሰምር ነው የሚሰጠው፣ እማዬ ብትኖር እመቤቴ ቀብድ አትቀበልም ትልህ ነበር አልኩት። ኖኅ ሄልሜቱን አጥልቆ ገባ። ያ ዕድሜውን ሜዳ ዳር ቆሞ የሌላ ሰው ጨዋታ ሲያይ የጨረሰ ወንድሜ ከመቀመጫው ብድግ አለና፣ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ አጥሩ ዞሮ ተቀመጠ። ብርዱም፣ የቸኮሌቱ ሽታም እንደ ድሮው ነው፤ ጭኔን የሚቆነጥጠኝ እጅ ብቻ የለም። ቁንጥጫ ይናፍቃል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ሜዳው ላይ ኖኅን ሁለት ሆነው ጣሉት፣ ሌሎቹም ተከመሩበት።

"ወደቀ?" አለኝ ወንድሜ፣ በአማርኛ።

"ወደቀ" አልኩት።

"ተነሳ?"

አንዱ ተነሳ፣ ሌላው ተነሳ፣ ከሁሉም ሥር የነበረው ልጅ ጉልበቱን አራግፎ ቆመ።

"ተነሳ፣ ብሩክ፣ ተነሳ" አልኩት። እሱ ግን ፊቱን ከአጥሩ አላዞረም።