በሁለት ጥንቸል ቀን የተወለደችው ነካዋል

ነካዋል የተወለደችው ሁለት ጥንቸል በሚባለው ቀን ነው። በጥንቷ ሜክሲኮ ለቴፖስትላን መንደር ሰው ይህን ማወቅ ብቻ ይበቃዋል። ቀኑ የመጠጥ አማልክት ቀን ነው። እነሱም አራት መቶ ጥንቸሎች ሲሆኑ፣ የቃጫ ተክል አምላክ የሆነችው ማያወል በአራት መቶ ጡቶቿ አጥብታ ያሳደገቻቸው ናቸው። በነሱ ቀን የተወለደ ሰካራም ሆኖ ይሞታል። ቀን ቆጣሪው ሽማግሌ ባለ ሥዕሉን መጽሐፍ ገልጦ ሕፃኗን አየና፣ «ይቺ ልጅ ገደል ውስጥ ነው የምትገኘው፤ ያውም ማሰሮዋን እንዳቀፈች» አለ።

«ኧረ ገና ጡት እንኳ በቅጡ አልያዘችም!» አለች እናቷ።

«እሱንም በልክ አድርጊላት።»

ከዚያ ወዲያ ነካዋል እንደ ሰው መሰናከል እንኳ የማይፈቀድላት ልጅ ሆነች። እግሯን ድንጋይ ሲመታት «ጀመራት!» ይሏታል። በተለይ የጎረቤቷ ልጅ ቴይኩ መንገድ ላይ በጠበቀቻት ቁጥር፣ «አንቺ ጥንቸል፣ እስኪ ቀጥ ብለሽ ሂጂ!» ትላታለች።

ነካዋል ደግሞ እልኸኛ ነበረች። «አራት መቶ ሆነው ለአንዲት ሴት? ትንሽ አያፍሩም?» አለችና ፀጉሯ ሳይሸብት ጠብታ ላትቀምስ ማለች። ሥራዋን ግን እዚያው እነሱ ደጃፍ ላይ አደረገችው። ቃጫ ተከለች፤ ልቡን እየፈለፈለች ጣፋጩን ውሃ ቀዳች፤ ነጩን መጠጥ ጠመቀች። መድረሱን የምታውቀው በጆሮዋ ነው። ማሰሮው ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ታዳምጥና፣ «ገና እያጉረመረመ ነው፣ ተዉት» ትላለች። በአገሩ ከሷ የተሻለ ጠማቂ አልነበረም።

መጠጥ የተፈቀደው ፀጉሩ ለሸበተ ሰው ብቻ ነው። ጎልማሳ ሰክሮ ከተገኘ ገበያ መሃል ይላጫል፤ ቤቱም ይፈርሳል። የነካዋል ባል ሲፓክ ግን አያሰጋም ነበር፤ ቀን ቆጣሪው ራሱ «የጨዋነት ምሳሌ ይሆናል» ያለለት፣ በደግ ቀን የተወለደ ሰው ነው። በተጋቡ በአሥረኛው ዓመት ይኸው የጨዋነት ምሳሌ ጓዳ ውስጥ ጭንቅላቱ ማሰሮ አፍ ላይ ተቀርቅሮ ተገኘ። ማሰሮው ተሰብሮ ነው ያወጡት።

ላጩት። ቤቱንም አፈረሱት። ነካዋል ፍርስራሹ ላይ ተቀምጣ የባሏን የተላጨ ራስ ስታይ፣ ልታለቅስ የከፈተችው አፍ በሳቅ ፈረሰ።

«ምን ያስቅሻል?» አለ ሲፓክ።

«ለኔ የተላከው አንተ ጋ ደረሰ! አራት መቶ ሆነው አንድ ምንጣፍ ላይ የተኙ ሁለት ሰዎችን መለየት አቃታቸው!»

ሳቋ ሲያልቅ ግን አንድ ክረምት ሙሉ አላናገረችውም። ግድግዳውን ያቆሙት ጀርባ ለጀርባ ሆነው ነው።

ዓመታት ሄደው ፀጉሯ ነጣ። በበዓሉ ቀን ገደሉ አናት ላይ ወዳለው የመጠጥ አምላክ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ልትጠጣ ስትወጣ መንደሩ ሁሉ ተከተላት። ሰው ሲጠጣ የየራሱ ጥንቸል አለው፦ አንዱን ያስለቅሰዋል፣ አንዱን ያዘፍነዋል፣ ሌላውን ያደባድበዋል። ቴይኩ ከፊት ቦታ ይዛ፣ «ዛሬ የሷን ጥንቸል ሳላይ አልሞትም» ትላለች።

ነካዋል አንዱን ጽዋ ጨልጣ ፊቷን አኮሳተረች። «ለዚህ ነው ቤቴ የፈረሰው?» ሁለተኛውን ደገመች። ሦስተኛውን ሠለሰች። አራተኛው ላይ ጥንቸሏ ነቃ። ወሬኛ ጥንቸል ነበር።

«አባቴ» አለች ለካህኑ፣ «የአምላክ ድርሻ እያልክ በየወሩ ሦስት ማሰሮ ትወስዳለህ። የድንጋዩ አምላክ ከንፈር ግን ሁልጊዜ ደረቅ ነው። ያንተን ጢም ግን ንብ ሲከተለው አያለሁ።»

ሰው ሳቀ። ወደ ዳኛው ዞረች። «አንተስ? ቤቴን ባስፈረስክ በሳምንቱ፣ ፀጉርህ እንደ ከሰል ጥቁር ሳለ፣ የጓሮ በሬን ያንኳኳው ማን ነበር? ያውም ከነቅልህ!»

አሁን የሚስቅ ጠፋ። ሰዉ ቀስ እያለ ወደ ደረጃው ማፈግፈግ ያዘ።

«ቴይኩ! ወዴት ነው? ያንቺን እኮ ገና አልጀመርኩትም!»

ቴይኩ ቀሚሷን ሰብስባ ደረጃውን ሁለት ሁለት እያደረገች ወረደች። ሌላውም ተከተላት። አናቱ ላይ የቀሩት የድንጋዩ አምላክና ጎኑን ይዞ በሳቅ የሚንፈራፈረው ሲፓክ ብቻ ነበሩ።

በሚቀጥለው ዓመት የበዓሉ ዋዜማ ሽማግሌዎች አሥር የሰቡ ድርጭቶች ይዘው ደጇ ቆሙ። «እትዬ ነካዋል፣ ዘንድሮ እቤትሽ ብታርፊስ? ደረጃው ለጉልበት ጥሩ አይደለም።»

«ጉልበቴ ደህና ነው። ለአሳቢነታችሁ ግን አማልክት ይስጧችሁ» ብላ ድርጭቶቹን ተቀበለች።

በሚጥሚጣ ጠብሳ ከሲፓክ ጋር አጥንታቸው እስኪቀር በሉ። ሲፓክ ጣቱን እየላሰ፣ «እና ትቀሪያለሽ?» አላት።

«ጨው አንሷቸዋል» አለች ነካዋል። «ነገ ስወጣ እነግራቸዋለሁ።»